የማቴራ ዋሻ ቤቶችና የነዋሪዎቻቸው ታሪክ

በደቡብ ኢጣልያ፥ በካምፓንያ፥ በፑልያና በካላብርያ መካከል ባዚሊካታ የሚባል ተራራማ አገር ይገኛል። ወደ ኢጣልያ የሚሄድ መንገደኛ ሮማን፥ ፍሎሬንስንና ቬኒስን አይቶ ይመለሳል እንጂ እስከዚህ የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ስለ ሰው አኗኗር ለሚመረምር ሰው ግን ይህ አገር ከታላላቆቹ ከተሞች ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገሩ ጥንታዊ ስም ሉካንያ ነው፤ ይህም ሉካኒ ከተባለው ነገድ የመጣ ነው። በኢዮንያ ባሕር ዳርቻ ግሪኮች ሜታፖንቶን ቆረቆሩ፤ በ6ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሠሩት የሄራ ቤተ መቅደስ 15 ዓምዶች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ በ65 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተወለደው በዚሁ አገር፥ በቬኖዛ ነው። ባዚሊካታ የሚለው ስም የመጣው ባዚሊኮስ ይባል ከነበረው ከቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ሹም ነው። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክም የሲሲልያን መንግሥት ሕግ በ1231 ያወጀው በሜልፊ ነው።

ከአገሩ ከተሞች ሁሉ ግን የተለየ ጠባይ ያላት ማቴራ ናት። ከተማዪቱ በጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። የገደሉ ድንጋይ ለስላሳ ስለ ሆነ በመዶሻና በመጥረቢያ በቀላሉ ይፈለፈላል። ሳሲ የሚባሉት ሁለቱ የዋሻ ሰፈሮች፥ ማለት ሳሶ ካቬዎዞና ሳሶ ባሪዛኖ፥ የ13ኛው መቶ ዓመት ካቴድራል ከቆመበት ኮረብታ ግራና ቀኝ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሰዎቹ ቤታቸውን ወደ ውስጥ ሲፈለፍሉ የወጣውን ድንጋይ ጠርበው በደጅ በኩል ግንብ ይሠሩበት ነበር። በዚህም ምክንያት የአንዱ ቤት ጣራ ለላይኛው ቤት መንገድ ወይም ደጃፍ ይሆናል። ውሃ የሚገኘው ከዝናም ስለ ነበር፥ ከየጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ በቦይ እየተመራ በአለት ውስጥ ወደተቆፈሩ ጉድጓዶች ይገባል። ከጉድጓዶቹ ትልቁ 5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል።

በከተማዪቱና በዙሪያዋ ከ150 የሚበልጡ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በአንደኛው ዋሻ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት መካከል የተሣሉ የአዳምና የሔዋን ሥዕሎች በ1963 ተገኝተዋል፤ ከዚያ በፊት ስፍራው ለእረኞች መጠለያ ነበረ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ወዲያው ላሊበላን ማስታወሱ አይቀርም። ሆኖም እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ያለው ሕንፃ በአራቱም ማዕዘን ከአለቱ ተለይቶ የቆመ ሲሆን፥ የማቴራዎቹ ግን ወደ ገደሉ ሆድ የገቡ ዋሻዎች ናቸው። በሁለቱ አገሮች የሚታየው የእጅ ሥራ መቀራረብ ድንጋዩ ሰውን ምን እንዳሠራው ያሳያል እንጂ፥ አንዱ ከሌላው ለመማሩ ማስረጃ አይሆንም።

የሳሲ ኑሮ ሥር ጉርብትና ነበረ። በአንድ ግቢ ዙሪያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቪቺናቶ የሚባለውን ማኅበር ያቆማሉ፤ ውሃውን፥ ልጅ መጠበቁንና ኀዘኑን ይጋራሉ። እንጀራቸው የሆነው ዳቦ ይህን በግልጥ ያስረዳል። ዳቦው የሚጋገረው ከጠንካራ ስንዴ ዱቄትና ከእርሾ ነው። በየቤቱ የተቦካው ሊጥ ወደ ወል ምድጃ ስለሚሄድ፥ የአንዱ ዳቦ ከሌላው እንዳይደባለቅ እያንዳንዱ ቤተሰብ የስሙ መጀመሪያ ፊደል የተቀረጸበት የእንጨት ማኅተም ያትምበት ነበር። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ጎረቤቶች ስንዴ፥ ባቄላ፥ ሽምብራና ምስር እያዋጡ ክራፒያታ የሚባለውን ንፍሮ መሰል ምግብ በአንድ ድስት ቀቅለው በአንድነት ይበላሉ።

ዳሩ ግን የሕዝቡ ቁጥር እየበዛ፥ ድኽነቱም እየጠና ሲሄድ፥ ለውሃና ለጎተራ የተቆፈረው ዋሻ ሁሉ መኖሪያ ሆነ። ብርሃን በሌለበት አንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ከበቅሎና ከዶሮ ጋራ ያድር ጀመር፤ ወባም ሕፃናትን ፈጀ። ይህን ለዓለም ያሰማው ካርሎ ሌቪ የተባለው ሐኪምና ሠዓሊ ነው። የፋሺስት መንግሥት በ1935 ወደ ባዚሊካታ አግዞት ነበር፤ ነጻ የወጣውም በ1936 አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች ጊዜ በተደረገው ምሕረት ነው። በ1945 በታተመው «ክርስቶስ ኤቦሊ ላይ ቆመ» በተባለው መጽሐፉ፥ ገበሬዎቹ የኢትዮጵያን ጦርነት የሮማ ሰዎች ጉዳይ እንጂ የራሳቸው አድርገው እንዳልቈጠሩት ይተርካል።

በ1948 የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ፓልሚሮ ቶልያቲ፥ በ1950 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልቺዴ ደ ጋስፔሪ ማቴራን ጐበኙ፤ ሳሲም የአገር ውርደት ተባለ። በ1952 በወጣው ሕግ 15,000 ያህል ሰዎች ወደ አዲስ ሰፈሮች እንዲዛወሩ ተወሰነ። ሊቃውንትም አስቀድመው የሕዝቡን ኑሮ አጥንተው ነበርና፥ ላ ማርቴላ የተባለው መንደር ሲሠራ የቪቺናቶው ጠባይ እንዳይጠፋ ታስቦበት ነበር። በእነዚሁ ዓመታት ኤርኔስቶ ደ ማርቲኖ ከሙዚቃ ተመራማሪው ከዲዬጎ ካርፒቴላ ጋራ በመንደሮቹ እየዞረ የለቅሶውን ሙሾ በመቅረጫ መሣሪያ ያዘ። ሕዝቡ በአዲሶቹ ቤቶች ንጹሕ ውሃና ብርሃን አገኘ፤ ለዘመናት በአንድ ግቢ የተሳሰረውን ጉርብትና ግን በአርክቴክት ንድፍ መልሶ ማቆም አልተቻለም።

ሳሲ ባዶውን ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ፥ በ1986 ለማደሻው የሚሆን ገንዘብ በሕግ ተፈቀደ፤ በ1993 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ2019 ማቴራ የአውሮፓ የባህል ዋና ከተማ ሆነች። ዛሬ ከዋሻዎቹ ብዙዎቹ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው፤ የዳቦው ማኅተምም ለመንገደኛ መታሰቢያ ይሸጣል።

እንግዲህ በ45 ዓመት ጊዜ ውስጥ ያው ድንጋይ አንድ ጊዜ ውርደት፥ አንድ ጊዜ ቅርስ ተብሏል። ሁለቱንም ስሞች የሰጡት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሕፃናት በወባ የሞቱበትን ኑሮ ማወደስ ስሕተት ነው፤ ውርደቱ ግን ከዋሻው ሳይሆን ከድኽነቱና ከመጣበቡ የመጣ ነበር። ዋሻው ሊታደስ ችሏል፤ የወሉ ምድጃ ሥርዓት ግን ከሰዎቹ ጋራ ተበትኗል፤ ዛሬ የሚታወቀው ሰዎቹ ሳይበተኑ በተጻፈውና በተቀረጸው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ነዋሪዎችን ከጥንት ስፍራቸው ለማንሣት በሚታሰብበት አገር ሁሉ፥ የኑሮአቸውን ሥርዓት መጻፍና መቅረጽ ከመዛወሩ በፊት መፈጸም ያለበት ሥራ ነው።