«አሉታዊ ማስታወቂያ» ምን ማለት ነው?

ብሪዝበን፣ ሙሩካ ሰፈር ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እናት ወደ አማርኛ የተመለሰ ወረቀት አሳዩኝ። «አሉታዊ ማስታወቂያ ተሰጥቶዎታል፤ ክለሳ መጠየቅ ይችላሉ» ይላል። «ምን ታወጀብኝ ልጄ?» አሉ። አይፈረድባቸውም። ማስታወቂያ በሬዲዮ የሚነገር፣ በግድግዳ የሚለጠፍ ነው። ኔጌቲቭ መባልም ቢሆን ላብራቶሪ ውስጥ ደግ ወሬ ነው!

በኩዊንስላንድ ከልጆች ጋር ለመሥራት ብሉ ካርድ እንደሚያስፈልግ አንባቢ ያውቃል። ካርዱን የተከለከለ ሰው፣ ሕጉ ጨርሶ በር ከዘጋባቸው ከባድ ጥፋቶች በቀር፣ ኪውካት ወደሚባለው የዳኝነት አካል ማመልከት ይችላል። የእናቲቱ ወረቀት ይህንኑ ክልከላ የሚነግር ነው፤ «የክልከላ ደብዳቤ» ብንለው ይበቃል። እኔን ያናደደኝ «ክለሳ» ነው።

ተማሪ ለፈተና ይከልሳል። ባለጠላዋም የወፈረውን ጠላ በውሃ ትከልሳለች። ኪውካት ግን ካርዱን የከለከለውን መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሊያቀጥን አይቀመጥም፤ አዲስ ማስረጃ ሳይቀር ተቀብሎ ጉዳዩን ከሥሩ ይሰማል፣ የራሱን ውሳኔም ይሰጣል።

«ይግባኝ» እንበለው? ከ«ገባ» የወጣ፣ የተበዳይ ድምፅ ያለበት ውብ ቃል ነው፤ ስሰስትለት እኖራለሁ። ግን ጆሯችን የለመደው ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲኬድ ነው፤ እዚህ የከለከለው ዳኛ ሳይሆን ቢሮ ነው። «ዳግም ዳኝነት»ም ባለቤት አለው፦ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 6 መሠረት ፍርድ ቤት የገዛ ፍርዱን መልሶ ሲመረምር የምንጠራበት ስም ነው። «ዳግም ምርመራ» ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ይሸታል። የቆየ ክስ እንቅልፍ ለነሳው ሰው ይህን ቃል መላክ ጭካኔ ነው።

የእኔ ምርጫ «ዳግም እይታ» ነው። በአማርኛ ችሎት ጉዳይን ያያል፦ «መዝገቡ ታየ»፣ «በዝግ ችሎት ይታያል» እንላለን። ቃሉ ቤታችን ውስጥ ነበር፤ ሌላ ፍለጋ የወጣነው እኛ ነን። የጋዜጣ ዓምድ ስም ይመስላል የሚሉኝ አሉ። ይምሰል።

እኚያ እናት ግን ገብቷቸዋል። «እንግዲያ እንደገና ይዩልኝ» አሉ።

ተርጓሚዎች ሆይ፣ ከቃሉ ጎን ቀኑንም በጉልህ ጻፉ፦ ዳግም እይታ የሚጠየቀው በ28 ቀን ውስጥ ነው።