ግዳይና የዝሆን ጥርስ፦ የአውሬ አደን በወለጋ ቆላዎች

የወለጋ ከተሞች፣ ነቀምቴም ሆነች ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ፣ የተቆረቆሩት በከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከሥራቸው የተዘረጉት የዴዴሳ፣ የአንገርና የዳቡስ ሸለቆዎች ግን ወባና ገንዲ፣ ማለትም በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የከብት በሽታ፣ ሰፋሪን ስላራቁባቸው ለረጅም ዘመን የጎሽ፣ የዝሆንና የአንበሳ መኖሪያ ሆነው ኖረዋል። የአካባቢው የአደን ባህል የተመሠረተው በዚህ የደጋና የቆላ ልዩነት ላይ ነው፤ አዳኙ ከደጋ መንደሩ ወደ ቆላው የሚወርደውም በበጋ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር ደርቆ በሚቃጠልበትና አውሬው ከሩቅ በሚታይበት ወራት ነበር።

በመጫ ኦሮሞ ዘንድ የመጀመሪያው ግዳይ የወጣቱን ማኅበራዊ ደረጃ የሚለውጥ ነበር። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ በግእዝ በጻፉት ድርሰት፣ ሰው ወይም ትልቅ አውሬ የገደለ ኦሮሞ ከራሱ መካከል ጥቂት ጸጉር አስቀርቶ ሌላውን እንደሚላጭ፣ ያልገደለው ግን ጸጉሩን እንደማይላጭ መዝግበዋል፤ ጸሐፊው ከኦሮሞ ጋር በተደረገው ጦርነት ለተጎዳው ወገናቸው ተቆርቋሪ ስለነበሩ ድርሰታቸው በጥንቃቄ መነበብ ቢኖርበትም፣ የግዳይ ክብር ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ግን ያስረዳል። ጀብዱን የሚያወሳው ገራርሳ የተባለው ዜማ ደግሞ በቀድሞው ሥርዓት የገዳይ መብት ነበር፤ ገና ያልገደለ ወጣት ስለ ራሱ ገራርሳ ማሰማት አይገባውም ነበር። ገዳዩ በዜማው የራሱን ጀብዱ ከአባቶቹ ዝናና ከጎሳው ስም ጋር አያይዞ ስለሚያወሳ፣ የልጁ የመጀመሪያ ግዳይ ለአባቱም ቤት ክብር ነበር።

ከአውሬዎቹ ሁሉ ጎሽ በተለይ የሚፈራና ለገዳዩም ልዩ ክብር የሚያስገኝ ነበር። የቆሰለ ጎሽ ወደ ጥሻ ገብቶ አሳዳጁን አድብቶ ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ጦርና ጋሻ ብቻ ለያዘ ሰው ከመጀመሪያው ውርወራ ይልቅ የደም ዱካውን ተከትሎ መግባቱ የከፋ አደጋ ነበረው። ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ መለየት፣ ዱካ ትኩስ መሆኑን ማወቅና መቼ መታገሥ እንደሚገባ መረዳት በመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት ስላልነበረ፣ ልጅ ከአባቱና ከታላላቆቹ ኋላ እየሄደ በዓይኑ የሚቀስመው ዕውቀት ነበር። የጎሽ ቆዳ ጠንካራ ጋሻ ይሠራበት ስለነበር፣ የአንዱ አደን ፍሬ የሌላው አደን መከላከያ ይሆን ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በለቃ ነቀምቴ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን እየደከመ ሞቲ የሚባሉ ገዢዎች ሲነሡ፣ አደንም ከክብር ወደ ግብር አዘነበለ። የለቃ ነቀምቴው ሞቲ ሞረዳ በከሬ እ.ኤ.አ. በ1882 በራስ ጎበና ዳጬ አማካይነት ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከገበሩ በኋላ፣ እርሳቸውም ሆኑ በኋላ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ልጃቸው ኩምሣ ሞረዳ ወደ ሸዋ ከሚልኩት ግብር መካከል ወርቅና የዝሆን ጥርስ ዋነኞቹ ሆኑ፤ በምዕራብ በኩልም የለቃ ቄለሙ ጆቴ ቱሉ በዚሁ ንግድ ውስጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897 አገሩን የጎበኘው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው የዝሆን አደን፣ ብዙ ሰው በአንድነት የሚዘምትበት እንጂ አባትና ልጅ ብቻቸውን የሚወጡበት አልነበረም። ጠመንጃ ሲበዛና የጥርስ ዋጋ ሲንር ጉዳቱ የከፋው በዝሆን ላይ ነው፤ ሴቷ ዝሆን አንድ ግልገል ለመውለድ 22 ወር ያህል ስለምታረግዝ፣ በአንድ በጋ የተገደለውን መንጋ ለመተካት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

መንግሥት የአውሬ አደንን በአዋጅ መገደብ የጀመረው በምኒልክ ዘመን ማብቂያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው አዋጅ ደንቡን አጠንክሮታል። ይሁንና የወለጋን የአደን ባህል ከሕግ ይልቅ የለወጠው የቆላው መታረስ ይመስላል፤ በዴዴሳና በአንገር ጉትን የመንግሥት እርሻዎች ተቋቋሙ፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላም ብዙ ሕዝብ ወደ ወለጋ ቆላዎች እንዲሰፍር ተደረገ፤ አውሬው ይሰማራበት የነበረው ሣርም ወደ ማሳነት ተለወጠ። ገራርሳ ግን ከአደኑ ጋር አልጠፋም፤ በጊዜ ሂደት ጎሽና ዝሆን ያልገደሉ ሰዎችም ስለ እስር፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ትምህርትና ስለ አገር ጉዳይ ያዜሙት ጀመር።