መራጭና አንባቢ፦ አዳዲስ የወንጀል ልቦለድ ደራስያን እንዴት ይገኙ እንደነበር

የወንጀል ልቦለድ አንባቢ ገዳዩ ማን እንደሆነ ካወቀ በኋላ ወደዚያው መጽሐፍ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ሌላ ይፈልጋል፤ የሚወደው ደራሲ ግን ቢተጋ በዓመት አንድ ወይም ሁለት መጽሐፍ ቢያወጣ ነው። ስለዚህ አዲስ ደራሲ ማፈላለግ ከዘውጉ ጋር አብሮ የተወለደ ጉዳይ ነው። የፍለጋው ታሪክ ሲታይ አንባቢው በቅድሚያ ያመነው ደራሲውን ሳይሆን መራጩን ነበር። መራጩ የመጽሔት አርታኢ፣ የተከታታይ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የጋዜጣ ሐያሲ ወይም ሸላሚ ማኅበር ሊሆን ይችላል፤ የደራሲው ስም የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መራጭ መጽሔት ነበር። የዘመናዊው የመርማሪ ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው የኤድጋር አለን ፖ አጭር ልቦለድ በሚያዝያ 1841 ፊላደልፊያ ውስጥ በሚታተመው ግራሃምስ መጽሔት ላይ ወጣ፤ በወቅቱ ፖ ራሱ የመጽሔቱ አርታኢ ነበር። በእንግሊዝ አገር የዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሙንስቶን» በ1868 ከአንባቢ ጋር የተዋወቀው ቻርልስ ዲከንስ በሚመራው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ክፍል በክፍል እየወጣ ነው። ከዚህ መንገድ ውጭ የመጣ ሰው ዕጣው ምን እንደነበር ፈርገስ ሂዩም ያሳያል። አሳታሚዎች ስላልተቀበሉት የመጀመሪያ ልቦለዱን በ1886 ሜልበርን ላይ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። መጽሐፉ በአውስትራሊያም በብሪታንያም እጅግ ብዙ ተሸጠ፤ ደራሲው ግን መብቱን ቀደም ብሎ በ50 ፓውንድ ሸጦት ስለነበር መብቱን ከሸጠ በኋላ ከመጣው ሽያጭ የደረሰው ነገር የለም።

አርተር ኮናን ዶይልም አጀማመሩ የተሻለ አልነበረም። ሼርሎክ ሆምስ የተዋወቀበት የመጀመሪያ ልቦለድ በ1887 በአንድ የገና ዓመታዊ መጽሔት ላይ ሲወጣ ለሙሉ መብቱ የተከፈለው 25 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙም ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ነገሩን የለወጠው ስትራንድ መጽሔት ነው። ጆርጅ ኒውንስ መጽሔቱን በጥር 1891 ጀመረ፣ አርታኢው ኸርበርት ግሪንሃው ስሚዝ በዚያው ዓመት ሐምሌ የሆምስን አጫጭር ታሪኮች ማተም ያዘ። የዶይል ዘዴ ቀላልና ብልህ ነበር፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ታሪክ በየወሩ በራሱ ያልቃል። አንድ እትም ያመለጠው አንባቢ ክሩ አይጠፋበትም፣ አዲስ የመጣውም ካለፈው ወር መጀመር አያስፈልገውም። በታኅሣሥ 1893 ሆምስ በታሪኩ ውስጥ ሲሞት ከ20,000 በላይ አንባቢዎች ደንበኝነታቸውን አቋረጡ ይባላል። ለፍለጋው ታሪክ ከዚህ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1894 መጽሔቱ አርተር ሞሪሰን የፈጠረውን ማርቲን ሂዊት የሚባል መርማሪ ይዞ መጣ፤ ሥዕሎቹንም የሆምስ ሠዓሊ የነበረው ሲድኒ ፓጄት ሠራቸው። በዚያ ገጽ ላይ፣ በዚያው ሠዓሊ እጅ የቀረበ ደራሲ ለአንባቢው እንግዳ አልነበረም።

በአሜሪካ ተመሳሳይ ሥራ የሠራው በርካሽ ወረቀት የሚታተመው ብላክ ማስክ ነው። ኤች. ኤል. ሜንከንና ጆርጅ ጂን ናታን በ1920 የጀመሩት ሌላ መጽሔታቸውን ለመደጎም ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ሸጡት። በ1926 አርታኢነቱን የተረከበው ጆሴፍ ሾው ዳሽል ሃሜትን አርአያ አድርጎ ያዘ፤ በአጭር ዓረፍተ ነገርና በመንገድ ሰው አነጋገር የሚጽፉ ሌሎች ደራስያንንም ሰበሰበ። ከእነርሱ አንዱ ሬይመንድ ቻንድለር ነበር። ቻንድለር ከነዳጅ ኩባንያ ሥራው ተባሮ መጻፍ የጀመረ ሰው ሲሆን፣ የመጀመሪያ ታሪኩ በታኅሣሥ 1933 ብላክ ማስክ ላይ ሲወጣ 45 ዓመቱ ነበር።

ከመጽሔት ቀጥሎ መራጭ የሆነው ባለ አንድ ቀለም ሽፋን ተከታታይ መጽሐፍ ነው። ፓሪስ ውስጥ አልበርት ፒጋስ በ1927 «ለ ማስክ» የተባለውን ተከታታይ ሲከፍት ቁጥር አንድ ያደረገው የአጋታ ክሪስቲን የሮጀር አክሮይድ ግድያ ነው። በ1930 ለንደን ላይ ኮሊንስ ማተሚያ ቤት «ክራይም ክለብ» ጀመረ። አባል ለመሆን ክፍያ አልነበረበትም፤ አባሉ በየሩብ ዓመቱ ስለሚወጡት መጻሕፍት የሚነግር ጽሑፍ በፖስታ ይደርሰዋል። ይህ ተከታታይ እስከ 1994 ሲዘልቅ ከ2,000 በላይ መጻሕፍት አውጥቷል። ፔንግዊን በ1935 የመጀመሪያዎቹን አሥር መጻሕፍት በስድስት ፔኒ ሲያወጣ ልቦለዱን ብርቱካናማ፣ የሕይወት ታሪኩን ሰማያዊ፣ የወንጀሉን አረንጓዴ አደረገው። ከአሥሩ ሁለቱ አረንጓዴ ነበሩ፦ አንዱ የክሪስቲ፣ ሌላው የዶርቲ ሴየርስ። ቀለሙ ለአንባቢው ትልቅ ውለታ ውሏል። ክሪስቲን ጨርሶ ሌላ የሚፈልግ ሰው መደርደሪያው ላይ አረንጓዴውን አይቶ ያነሳል፤ ደራሲውን ባያውቅ እንኳ አንድ ሰው አንብቦ እንደመረጠለት ያውቃል።

የጣሊያን ታሪክ የመራጭን ኃይልና አደጋውን አብሮ ያሳያል። የሚላኖው ሞንዳዶሪ በ1929 ቢጫ ሽፋን ያለው ተከታታይ ጀመረ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የአሜሪካዊው ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን ሥራ ነበር። ሽፋኑ እጅግ ስለተለመደ ጣሊያናውያን የወንጀል ልቦለድን እስከ ዛሬ «ጃሎ»፣ ማለትም ቢጫ፣ ይሉታል። መጀመሪያ የቀረበው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነበር፤ ኋላ የሙሶሊኒ መንግሥት የአገር ልጆች እንዲታተሙ ግፊት አደረገ። በ1931 የአሌሳንድሮ ቫራልዶ ልቦለድ በተከታታዩ ውስጥ የታተመ የመጀመሪያው የጣሊያናዊ ሥራ ሆነ። አውጉስቶ ደ አንጀሊስም በዚያው አሥር ዓመት ኮሚሳር ደ ቪንቼንዚን ፈጠረ፤ በጣሊያን ከተማ የሚሠራ፣ መጽሐፍ የሚወድ፣ የሰው ነፍስ የሚያስጨንቀው ፖሊስ ነው። ይሁንና ፋሺስቶቹ ጣሊያን ውስጥ ወንጀል መኖሩን የሚናገር መጽሐፍ አልተመቻቸውም። ተከታታዩ በ1941 ታገደ። ደ አንጀሊስ በ1943 ታሰረ፤ ከእስር ከወጣ በኋላ አንድ ፋሺስት በደበደበው ድብደባ በ1944 ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ቢጫው ሽፋን ተመለሰ፤ ደ አንጀሊስ ግን አዲስ አንባቢ እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት ጠበቀ። መራጩ ሲዘጋ ደራሲው አብሮ ይጠፋል፤ ጥሩ መጽሐፍ በራሱ ኃይል ከአንባቢ ይደርሳል የሚለውን እምነት የደ አንጀሊስ ዕጣ አይደግፈውም።

ፈረንሳይ በተቃራኒው በአገሩ ቦታ ያጣ ሰው በሌላ አገር መራጭ ሊገኝ እንደሚችል አሳየች። ጋሊማር ማተሚያ ቤት በ1945 «ሴሪ ኑዋር» የተሰኘውን ጥቁር ሽፋን ተከታታይ ሲጀምር ኃላፊው ማርሴል ዱሃሜል ነበር፤ ስሙን ያወጣለት ባለቅኔው ዣክ ፕሬቬር ነው። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የእንግሊዞቹ የፒተር ቼይኒና የጄምስ ሃድሊ ቼዝ ነበሩ። ዱሃሜል ከትርጉም አልፎ ደራሲም ይፈልግ ነበር። ቼስተር ሃይምስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ከዝርፊያ የተነሳ በወጣትነቱ በኦሃዮ እስር ቤት የቆየ፣ ስለ ዘር ጭቆና የጻፋቸው ልቦለዶች በአገሩ የሚገባቸውን ያህል ያልተነበቡለት ሰው ነው። በ1953 ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ቀደም ሲል አንድ መጽሐፉን የተረጎመለት ዱሃሜል ለሴሪ ኑዋር የወንጀል ልቦለድ እንዲጽፍ ጠየቀው። ሃይምስ የሃርለምን ሁለት ጥቁር ፖሊሶች፣ ኮፊን ኤድ ጆንሰንንና ግሬቭዲገር ጆንስን የፈጠረው ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1958 በፈረንሳይኛ ወጥቶ በዚያው ዓመት የፈረንሳይን ታላቅ የወንጀል ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። አንድ አርታኢ ያቀረበው ጥያቄ ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ፍሬ ማፍራቱ ሊደነቅ ይገባዋል። በሌላ በኩል ሴሪ ኑዋር የተተረጎሙትን መጻሕፍት ለገጹ መጠን እንዲስማሙ ያሳጥር ነበር። የፈረንሳይ አንባቢ ብዙ ደራስያንን ያወቀው እንዲህ ተቆርጠው ነው፤ ይህ መዘንጋት የሌለበት ጉዳት ነው።

በጋዜጣ ደግሞ የመራጩን ቦታ ሐያሲው ያዘ። አንቶኒ ባውቸር ከ1951 እስከ 1968 በኒውዮርክ ታይምስ ስለ አዳዲስ የወንጀል ልቦለዶች በቋሚነት ጽፏል። ሌሎች ሐያስያን እንደ ተራ ጊዜ ማሳለፊያ ያዩትን ዘውግ እርሱ በቁም ነገር መዘነው። በ1941 የተመሠረተው የኤለሪ ኩዊን መጽሔትም ከዚያ በፊት ምንም ላላሳተሙ ሰዎች የመጀመሪያ ታሪኮች የተለየ ዓምድ ነበረው።

ከጀማሪ ደራሲ አንጻር ሲታይ ከሁሉ የበለጠ የሠሩት ሽልማቶች ናቸው። የአሜሪካ የወንጀል ደራስያን ማኅበር በ1946 በፖ ስም የሰየመውን የኤድጋር ሽልማት መስጠት ሲጀምር በልቦለድ ዘርፍ የሸለመው የመጀመሪያ ሥራን ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ ልቦለድ የሚለው ዘርፍ ኋላ ላይ የመጣ ነው። በብሪታንያ ጆን ክሪሲ በ1953 የመሠረተው ማኅበርም ከ1973 ጀምሮ ለመጀመሪያ ልቦለድ የተለየ ሽልማት ይሰጣል። የጃፓኑ አሠራር ከሁለቱም ይበልጣል። ከ1955 ጀምሮ የሚሰጠው የኤዶጋዋ ራምፖ ሽልማት ከ1957 ወዲህ የሚወዳደረው ባልታተመ ረቂቅ ነው፤ ያሸነፈው ይታተማል። በ1957 ያሸነፈችው ኒኪ ኤትሱኮ ከልጅነቷ ጀምሮ በአከርካሪ ሕመም የአልጋ ቁራኛ የነበረች ሴት ስትሆን፣ መጽሐፏ ገና እንደወጣ በብዙ ተሸጠ። ዛሬ በብዙ ቋንቋ የሚነበበው ኬይጎ ሂጋሺኖም የተገኘው በ1985 በዚሁ ሽልማት ነው። ማንም የማያውቀው ሰው በረቂቁ ብቻ የሚመዘንበት መንገድ ስለሆነ ከተጠቀሱት ሁሉ ፍትሐዊው ይህ ነው።

በስካንዲኔቪያ ማይ ሼቫልና ፔር ቫሉ ከ1965 እስከ 1975 አሥር ልቦለዶች ጽፈው መንገዱን ጠረጉ፤ በ1992 የተጀመረው የብርጭቆ ቁልፍ ሽልማት የመጀመሪያ ተሸላሚ ሄኒንግ ማንኬል ሆነ። በአፍሪካ የማክሚላን «ፔስሴተርስ» ተከታታይ ከ1977 ጀምሮ ናይጄሪያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን የጻፏቸውን ልብ አንጠልጣይ ታሪኮች በትንሽ መጽሐፍ መልክ ለወጣቱ አደረሰ።

በአዲስ አበባ ይህን የመራጭነት ሥራ የሠሩት በአብዛኛው መጽሐፍ አዟሪው፣ ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጩና አከራዩ ናቸው። ሲድኒ ሼልደንን የመሳሰሉ የውጭ ደራስያን ወደ አማርኛ እየተተረጎሙ በእነርሱ እጅ ተሰራጭተዋል፤ ያለፈውን ወድዶ የጨረሰ አንባቢ «እንደዚህ ያለ ሌላ አለህ?» ሲል የሚመልሱለትም እነርሱ ናቸው። ከአማርኛው ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ መካከል ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አሥመራ ላይ የሚካሄደው ይህ የስለላና የፍቅር ታሪክ በ1983 ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በየካቲት 1984 ደብዛው ጠፋ። መንግሥት ቢሰበስበውም አንባቢው እየተዋዋሰ አቆየው። በመስፍን ፈለቀ ይርጉና በዴቪድ ዴጉስታ የተተረጎመው የእንግሊዝኛ ቅጂ በ2025 ሲታተም፣ በዓሉ ግርማ መጽሐፉ ከወጣ ከ42 ዓመት በኋላ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አዲስ ደራሲ ሆነ።