በብረትና በብረት መካከል ያለው ጎማ

የመርከብ ታሪክ ሲነገር ሞተሩን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ተቀምጦ የብረቱን ምት ሁሉ የሚቀበለውን የጎማ መጋጠሚያ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እኛ ስለ እርሱ ጥቂት ቃል ለማቅረብ ወደድን።

ሩዶልፍ ዲዝል በስሙ የሚጠራውን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ አስፈትኖ ብቃቱን አስመሰከረ። እ.ኤ.አ. በ1912 «ሴላንዲያ» የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ከኮፐንሃገን እስከ ባንኮክ ተጓዘች። የእርስዋ ሞተሮች ግዙፎችና ዝግ ብለው የሚዞሩ ስለነበሩ መቅዘፊያውን በቀጥታ ያዞሩት ነበር። በኋላ ትንንሽና ፈጣን ሞተሮች ሲመጡ ግን ፍጥነቱን የሚቀንስ ካምቢዮ አስፈለገ። ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ በተቀጣጠለ ቁጥር የሚነሣው ንዝረት የካምቢዮውን ጥርስ እንዳይጎዳ በመካከል ጎማ ገባ፤ ይኸውም ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ከድኝ ጋራ በእሳት አሙቆ እንዲጠነክር ያደረገው ዓይነት ነው።

ነገር ግን ጎማ ያረጃል። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ዘይት ያለሰልሰዋል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ባለሙያው ካምቢዮውን ወደ ኋላ ስቦ አሮጌውን ያወጣል፤ አዲሱን ካስገባ በኋላም የሁለቱ ዘንጎች መስመር መቃናቱን በመለኪያ ያረጋግጣል፤ መስመሩ ከተዛባ አዲሱም ፈጥኖ ያልቃልና። ይህን ቸል ያለ መርከበኛ፣ ሞተሩ እየዞረ መቅዘፊያው ቆሞበት፣ በማዕበል መካከል ሊቀር ይችላል።

ጎማው የተሠራው ርካሹ አልቆ ውዱ እንዲድን ነው። እንዲህ ላለው አገልጋይ የሚገባው ክብር ሳይበጠስ በጊዜው መለወጥ ይመስለናል።