ሁለቱ ሃንጋሪያውያንና የላንጋኖ ምሽት

ለእኔ የዋናተኛ ፎቶ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ቁስለኛ ወታደር ነው። ሃንጋሪያዊው ፎቶ አንሺ አንድሬ ኬርቴስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለኦስትሮ ሃንጋሪ ጦር ዘምቶ በ1915 እ.ኤ.አ. ቆሰለ፤ ግራ እጁም ለብዙ ጊዜ አልታዘዝ አለው። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በኤስተርጎም ከተማ ሲያገግም መዋኛ ገንዳ ይመላለስ ነበር፤ ካሜራውም አይለየውም። በ1917 ከገንዳው ጠርዝ ቁልቁል ተመልክቶ፣ በውኃው ውስጥ የሚንሸራተት አንድ ሰው አነሳ።

ፎቶውን ቀረብ ብሎ ያየው ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ዋናተኛው ክንዶቹን ወደፊት ዘርግቷል፤ ገላው ከልኩ በላይ ተስቦ ረዝሟል፤ ጭንቅላቱን ሞገዱ ውጦታል፤ በጀርባው ላይ ደግሞ የፀሐይ ብርሃን እንደ ተበተነ ክር ይተራመሳል። ጓደኞቹ ይህን ምን ብሎ ያነሳል ብለው ተደንቀውበት እንደነበር ኬርቴስ በኋላ ዘመኑ ተርኳል። በእነሱ ቤት ፎቶ ማለት የፍቅረኛ ምስል ነው። እሱ ግን በ1933 ፓሪስ ላይ በመስተዋት ገላን እያጣመመ ላነሳቸው ዝነኛ ፎቶዎች መነሻው ይህ የገንዳ ፎቶ መሆኑን ተናግሯል።

ጓደኞቹን አልፈርድባቸውም። እኔም በወጣትነቴ ቅዳሜና እሑድ ላንጋኖ ዳር ፎቶ እያነሳሁ እንጀራዬን ስበላ የገጠመኝ ያው ነው። ከአዲስ አበባ ለመዝናናት የመጣ ደንበኛ ከሐይቁ ይወጣል፣ ገላውን ያደርቃል፣ ሸሚዙን ይለብሳል፣ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቆምና «በል አንሳኝ» ይላል። መዋኘቱን የሚመሰክርለት ከበስተኋላው ያለው ሐይቅ ብቻ ነው። «እየዋኙ ላንሳዎት?» ስል «ፊቴ ይታያል ወይ?» ይሉኛል። አይታይም። ስለዚህ አይከፈልበትም።

በትርፍ ሰዓቴ ግን የኬርቴስን ዓይነት ፎቶ ለማንሳት ስደክም ከረምኩ። ከጀልባ ማቆሚያው እንጨት ላይ ተንበርክኬ ቁልቁል ባነጣጥርም ከውኃው በታች የሚታይ ነገር የለም። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ የተኛ ሐይቅ ነው። ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ስለሚባል ሰው ሳይሠጋ ይዋኝበታል፤ ውኃው ግን በውስጡ በሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ዋናተኛው ከአንገቱ በታች የለም።

ምሽቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ብርሃኗ ወደ ውኃው ጠልቆ ይገባል፤ የጠራ ገንዳ ከሆነ ወለሉ ድረስ ያሳያል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ጨረሩ የውኃውን ገጽ በአግድም እየላሰ ያልፋል፤ አብዛኛው ይንጸባረቃል እንጂ አይገባም። ማምሻውን የጠራ ውኃም ቢሆን ይዘጋል። የኬርቴስ መንገድ የቀን መንገድ ነው።

የምሽቱን መንገድ ያሳየኝ ሌላው ሃንጋሪያዊ ነው። ማርቲን ሙንካቺ በቡዳፔስት የስፖርት ፎቶ አንሺ ሆኖ ነው እጁን የፈታው፤ በኋላ በርሊን ገብቶ ለትልልቅ ሥዕላዊ መጽሔቶች ሠራ። በ1930 ገደማ አፍሪካ ውስጥ ያነሳው፣ ለዓመታት በታንጋኒካ ሐይቅ ስም የሚታወቀው ፎቶ ሦስት ልጆች ወደ ማዕበል ሲሮጡ ያሳያል። የአንዳቸውም ፊት አይታይም፤ ከጀርባቸው ነው የተነሡት። ጥቁር ቅርጻቸው ነጩን አረፋ ሰንጥቆ ይገባል፤ ያ ብቻ ደስታቸውን ይናገራል። በኋላ ዝነኛ ፎቶ አንሺ የሆነው ወጣቱ ፈረንሳዊ ሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን ይህን ፎቶ አይቶ ካሜራ ይዞ ወደ መንገድ ለመውጣት እንደተነሳሳ ዕድሜ ልኩን ሲናገር ኖሯል። በ1932 ማርሴይ ላይ ላይካ ካሜራውን ገዛ።

ከውኃው በታች ያለውን መፈለግ ትቼ ከላይ ያለውን ቅርጽ ማደን የጀመርኩት ከዚህ ፎቶ በኋላ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ሆቴሎች ያሉት በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር መሆኑ ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ከኋላቸው ነው። ስለዚህ ካሜራዬን ከራሴ በላይ ይዤ እስከ ደረቴ እገባና ዋናተኞቹን አልፌ ፊቴን ወደ ዳር እመልሳለሁ። ያን ጊዜ በእነሱና በዳርቻው መካከል ያለው ውኃ የምዕራቡን ሰማይ ተቀብሎ መዳብ ይመስላል። ብርሃኑን የምለካው ከሚያበራው ውኃ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ይጠቁሩ ዘንድ እተዋቸዋለሁ። የሚወረወር ክንድ፣ የሚረጭ ውኃ፣ ለትንፋሽ ዘንበል ያለ ራስ፤ ሁሉም በጥቁር ተቆርጦ ይወጣል። ጊዜው ግን አጭር ነው። የዳኑብ የበጋ ምሽት ተጎትቶ አያልቅም፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይን ያዝ ያደርጋል።

አሁን ላንጋኖ ዳር ፎቶ አንሺ የሚጠራ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ስልክ አለው። ስልኩ ደግሞ ማምሻውን ቀን ለማስመሰል ይታገላል፤ ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜ ስለሚወስድም የሚንቀሳቀሰው ክንድ ይደበዝዝበታል። ስለዚህ ወጣቶቹ «አትንቀሳቀስ! ቁም!» ሲባባሉ እሰማለሁ። የመቶ ዓመት ሙያ ዋናተኛውን ከመቆም ነጻ አውጥቶት ነበር። የሚጠይቀኝ ካገኘሁ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ስልክህ ላይ የሚያበራውን ውኃ በጣትህ ንካ፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርግ፣ ጓደኛህን ተወው ይዋኝ። ፊቱ አይታይም፤ የሚያውቀው ሰው ግን ከክንዱ አወራወር ይለየዋል።