ውሃ ሽቅብ የወጣበት ዘመን

አዲስ አበባ በተቆረቆረች በአስር ዓመት ውስጥ፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፣ ከተማውን በሙሉ ያነጋገረ አንድ ሥራ ተሠራ። ከእንጦጦ ተራራ የተጠለፈ ውሃ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ፣ ከግቢው ኮረብታ በፊት ያለውን ዝቅታ አቋርጦ፣ መልሶ ሽቅብ በመውጣት አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ፈሰሰ። ሥራውን የመራው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ውሃ ዳገት ሲወጣ አይቶ የማያውቀው ሰው ጉድ አለ። ግጥም ተገጠመለት፤ ወሬውም እስከ ዛሬ ሲነገር ኖረ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚወራው እንደ ቀልድ ነው፤ “የድሮ ሰው ቧንቧ አይቶ ደነገጠ” ተብሎ ይሳቅና ይታለፋል። እኔ የሚያስቀው ነገር አይታየኝም። የተገረሙት ሰዎች ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ያ ጥያቄ ዛሬም ከሽሮ ሜዳ እስከ ቦሌ በየቤታችን አለ፤ ውሃ የት ድረስ ይወጣል? ለምንስ እዚያ ላይ ይቆማል? “ሐኪም ስለ ቧንቧ ምን አገባት?” የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ መልሱ እየመጣ ነው።

መጀመሪያ ከተማዋን እናስታውስ። የምኒልክ መናገሻ እንጦጦ በነበረበት ጊዜ ብርዱ የከበደ፣ ዳገቱ አስቸጋሪ፣ ማገዶና ውሃውም የራቀ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ሰው ከተራራው ወደ ሜዳው መውረድ ጀመረ። ግቢው የተሠራው ዛሬ አንድነት ፓርክ ባለበት ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታ ለጥበቃም ለግርማም ጥሩ ነው፤ ለውሃ ግን አይመችም። ውሃ የሚገኘው ከሥር፣ ከወንዝና ከምንጭ ነው። ስለዚህ ሽቅብ የሚያወጣው የሰው ጀርባ ነበር፤ በእንስራ፣ በየቀኑ፣ በአብዛኛውም በሴቶች ትከሻ።

ኢልግ በ1854 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረ ሰው ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ በ1871 ዓ.ም.፣ አንኮበር መጥቶ ለምኒልክ ማገልገል ጀመረ። የቧንቧው ሥራ በተሠራበት ሰሞን ነው የጅቡቲውን የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ያገኘው፤ ኋላም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። ወደ ግቢው ውሃ የማስገባቱ ሥራ ከሐዲዱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው።

የአገራችን ሰው ውሃ መምራት አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ጎንደር ያለው የፋሲል መዋኛ እስከ ዛሬ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬም የመሬቱን ተዳፋት በዓይኑ ይለካል። ይህ ሁሉ እውቀት ግን የቦይ እውቀት ነው። በቦይ የሚሄድ ውሃ ከላይ ክፍት ስለሆነ ዝቅታ ላይ ሲደርስ ሞልቶ ይፈሳል እንጂ ወዲያ ማዶ ያለውን ዳገት አይወጣም። “ውሃ ሽቅብ አይሄድም” ያለው ሰው ከዘመናት ልምድ ተነስቶ የተናገረው ልክ ነበር። አዲሱ ነገር ቧንቧው ዝግ መሆኑ ነው።

ዝግ ሲሆን ምን ይለወጣል? ግንበኞች ሁለት ግድግዳ እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን የሚለኩበትን ውሃ የሞላ ላስቲክ ቱቦ አስቡት። መሐሉ መሬት ላይ ቢጎተት፣ ቢጣመምም፣ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ይቆማል። በአንድ በኩል ያለው ውሃ ክብደት ታች ያለውን ይገፋል፤ የተገፋው ማምለጫ ስለሌለው በሌላው በኩል ይወጣል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ግፊቱ ይመጣጠናል። በቁጥር ስናስቀምጠው፣ ውሃ በየ10 ሜትር ጥልቀቱ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨምራል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ስድስት ኪሎ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ ግቢው ደግሞ ከስድስት ኪሎም ዝቅ ይላል። ስለዚህ የምኒልክ ውሃ በእውነት “ሽቅብ” አልወጣም። ከተነሳበት ከፍታ በታች ነው የደረሰው። የመሐንዲሱ ጭንቀት ውሃው ይወጣል ወይስ አይወጣም ሳይሆን፣ ግፊቱ ከሁሉ በሚበረታበት በዝቅታው ላይ ቧንቧው እንዳይፈነዳ፣ መጋጠሚያውም እንዳያፈስ ነበር። ይህ ጥበብ አውሮፓ ውስጥ በዚያ ዘመን የተፈለሰፈ አይደለም፤ በትንሹ እስያ የምትገኘው ጴርጋሞን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በዚሁ መንገድ ሸለቆ አሻግራ ውሃ ወደ ኮረብታዋ አውጥታለች።

እንግዲህ ወደ ሐኪሞቹ ልምጣ። የፈሳሽን ሕግ ካገኙት ሰዎች መካከል ስንቱ ከሕክምና ጋር የተያያዘ እንደሆነ ሳይ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ዳንኤል ቤርኑሊ፣ የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው፣ በሕክምና የተመረቀ ሰው ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉም ስለ አተነፋፈስ ነበር። የፈሳሽ እንቅስቃሴን የሚመለከተው ታላቅ መጽሐፉ በ1738 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ እስጢፋኖስ ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በፈረስ የደም ሥር ውስጥ ቱቦ ሰክቶ ደሙ በመስታወት ውስጥ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ሽቅብ ሲወጣ መለካቱን አሳተመ። የኢልግ ቧንቧና የሄልስ ቱቦ አንድ ናቸው፤ ግፊት ማለት ፈሳሹ ሊወጣ የሚችልበት ከፍታ ነው። ዛሬ “ግፊትሽ 120 ነው” ስንል፣ በሜርኩሪ ምትክ በውሃ ብንለካው 1 ሜትር ከ63 ሳንቲም ያህል ውሃ ያቆማል ማለታችን ነው። ልብ የምታወጣው ዳገት ይኸው ነው።

ግን ከፍታ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የነገረን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፖይዜ ነው። ፖይዜ ደም በቀጫጭን ሥሮች እንዴት እንደሚያልፍ ለማወቅ ፈልጎ በቀጭን የመስታወት ቱቦዎች ውሃ እያሳለፈ ለካ፤ ውጤቱንም በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አሳወቀ። ፈሳሹ ሳይናወጥ ረግቶ በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ፣ ግፊቱ ያው ሆኖ የቱቦው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ የሚያልፈው መጠን በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ አስራ ስድስተኛ ይወርዳል። ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል። የወለደች እናት ደም ሲፈሳት ሰማያዊውን ቀጭን ካኑላ የሚፈልግ የለም፤ ግራጫውን ወፍራም ነው የምንሰካው፣ ያውም በሁለቱም እጅ። ግራጫው 16 ቁጥር በደቂቃ 180 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲያሳልፍ ሰማያዊው 22 ቁጥር ከ40 አይበልጥም። ግሉኮሱን የቱንም ያህል ከፍ አድርገን ብንሰቅለው ቀጭኑን ካኑላ ወፍራም አያደርግልንም።

በከተማ ቧንቧ ውስጥ ውሃው እየተናወጠ ስለሚሄድ የፖይዜ ቁጥር እንዳለ አይሠራም፤ እዚያ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። አቅጣጫው ግን ያው ነው። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያረጀ ቧንቧ ሲቆረጥ ውስጡን ያየ ሰው ዝገቱ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚጋገር ያውቃል። እኛ የደም ሥር ሲጠብ የምናየው በሽታ በከተማው ሥር ላይም አለ።

አሁን ብዙ የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀውን፣ ምክንያቱ ግን እምብዛም የማይነገረውን ነገር እናንሳ። ውሃ ለምን ሌሊት ይመጣል? ፈረቃ አንዱ ምክንያት ነው፤ ፈረቃ በሌለበት ቀን ግን ሌላ ምክንያት አለ። ጠዋት ሁሉም ሰው ቧንቧ ሲከፍት በዋናው መስመር ያለው ውሃ ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በሰበቃ የሚባክነው ግፊት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በመንገድ ያለቀ ግፊት ደግሞ ሽቅብ አያወጣም። ታች ያለው ሰፈር ይቀዳል፤ ላይ ያለው ያልቅበታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ሲተኛ ፍሰቱ ይረጋል፣ ብክነቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም እንደ ግንበኛው ላስቲክ ወደ ከፍታው ይመለሳል። ያን ጊዜ ነው በላይኛው ሰፈር ያለች እናት የቧንቧውን ድምፅ ሰምታ ጀሪካን ይዛ የምትነሳው። የምኒልክ ቧንቧ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ጫፉ ላይ የነበረው አንድ ግቢ ብቻ ነው።

ከተማዋ ከአንድ ግቢ ወደ ሚሊዮኖች ስታድግ ምንጩም ራቀ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የገፈርሳ ግድብ ተሠራ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብና ማጣሪያ ተጨመረ። ሁለቱም ከከተማዋ ዝቅተኛ ሰፈሮች ከፍ ስለሚሉ መሬቱ ራሱ ያግዛል። በኋላ ግን ዓይናችን ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ዞረ። አቃቂ ከስድስት ኪሎ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ይህን ያህል ለማንሳት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። እንጦጦ ውሃውን በነፃ ይገፋልን ነበር፤ አቃቂ ላይ በመብራት እንገፋዋለን። ለዚህ ነው መብራት ሲጠፋ ውሃም የሚጠፋው። ውሃ በእውነት ሽቅብ የሚወጣው ዛሬ ነው፤ የሚገርመን ግን የለም።

ይህ ለሐኪም ለምን ግድ ይሰጣታል? አንድ የሠራሁበት ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቀን ቀን መሬት ላይ ያለው ቧንቧ ሲፈስ አራተኛው ፎቅ ጠብ አይልም። ነርሶቹ ሌሊት በርሜል ይሞላሉ፣ ቀን በጆግ እየቀዱ እጅ ያስታጥቃሉ። አንድ በርሜል ለስንት እናት ይበቃል? ጣሪያ ላይ ሮቶ ነበር፤ ግን ውሃው በራሱ ግፊት እዚያ አይደርስም፣ የሚያወጣለት ፓምፕም አልነበረም። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ለመለጠፍ ሳይሆን፣ ነገሩ በስሌት አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ስለነበር ነው የማነሳው። አራት ፎቅ ማለት ከ12 ሜትር በላይ ነው። መስመሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ስንት ሜትር ግፊት እንደሚቀርለት የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ወይ ፓምፕ ይገባ ነበር፣ ወይ ማዋለጃው ታች ይሆን ነበር። እጅ ያልታጠበበት ማዋለጃ ምን እንደሚያመጣ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

የእኛ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ገብቶ ስድስት ኪሎን መኖሪያው ሲያደርግ፣ የተለያዩ ኮሌጆችን በአንድ ስም አሰባሰበ። ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ትንሽ ስንወርድ አምስት ኪሎ ላይ የቴክኖሎጂ ልጆች ፈሳሽን ይማራሉ፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ እኛ የደም ዝውውርን እንማራለን። የአንድ ሕግ ሁለት ክፍል ነው የተማርነው፤ ተመርቀን ስንወጣ ግን የምንገናኘው በዚህ በዓል ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ የውሃ ነገር የጥገና ክፍል ጉዳይ ይመስለዋል፤ መሐንዲሱ ደግሞ የትኛው ክፍል ውሃ ቢያጣ ሰው እንደሚሞት አይነገረውም።

ከኢልግ ቧንቧ የምወስደው ቁም ነገር ይህ ነው። ውሃ ለንጉሥም ለድሃም በአንድ ሕግ ይሄዳል፤ ከምንጩ ከፍታ በላይ ያለ ጉልበት አይወጣም፣ በጠባብ መንገድም በብዛት አያልፍም። ማን ዘንድ እንደሚደርስ የሚወስነው ግን ሰው ነው፤ ቧንቧውን ወዴት እንደሚዘረጋ፣ ምን ያህል እንደሚያሰፋው፣ ፓምፑን የት እንደሚተክል የሚመርጠው እርሱ ነው። በ1886 የተመረጠው ግቢው ነበር። ዛሬ የሚመርጡት መካከል እዚህ መጽሔት ላይ ፎቶአቸው ያለ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ለመሐንዲስ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለሆስፒታል ኃላፊ ጓደኞቼም አንድ ልመና አለኝ። ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ስትረከቡ፣ ሪባን ከመቆረጡ በፊት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ፎቅ ድረስ ውጡና ቧንቧ ክፈቱ። ታች ያለውንም ሁሉ አስከፍቱ። ውሃው ላይ ከደረሰ ፈርሙ። ካልደረሰ፣ ከፊርማው በፊት ወርዳችሁ አብራችሁ አስሉት።