በቤተ ልሔም የቅድስት ካትሪና ቤተ ክርስቲያን

ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ልሔም የሚወርድ ተሳላሚ በልደት ዋሻ ጸሎቱን ካደረሰ በኋላ፥ በስተ ሰሜን በኩል ተያይዞ ወደ ተሠራው ወደ ላቲኖች ቤተ ክርስቲያን መግባቱ የተለመደ ነው። በዚያም ሹል ቅስቶችን ሲያይ «ይህ የመስቀል ጦረኞች ሥራ ነው» የሚል ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሕንጻው አሁን በሚታየው መልክ የታደሰው በ1882 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቦታው ግን በእውነት ጥንታዊ ነው። ቀዳማዊ ባልድዊን በ1100 ዓ.ም. በልደት ቀን በቤተ ልሔም ከነገሠ በኋላ፥ ከተማዪቱ በ1110 መንበረ ጳጳስ ሆነች። በአውግስጢኖስ ሥርዓት በማኅበር የሚኖሩ ካህናትም ከባዚሊካው በስተ ሰሜን ገዳማቸውን ሠሩ። በ1187 ሰላዲን አገሩን ሲይዝ የእነዚህ ካህናት ዘመን አለፈ። ፍራንሲስካውያን በ1347 ወደ ቤተ ልሔም መጥተው በዚያው ስፍራ ተቀመጡ፤ የቅድስት ካትሪና ስም በቦታው ላይ ሲጠራ የሚገኘውም በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። ጌታ ለሰማዕቲቱ በቤተ ልሔም ተገልጦ ሰማዕትነቷን አስቀድሞ ነገራት የሚል ትውፊት ላቲኖች አላቸው።

ታዲያ ስለ ምን እንደገና ማነጽ አስፈለገ? በ1757 በታላቁ ባዚሊካ ውስጥ የላቲኖች ድርሻ እጅግ ተቀነሰ፤ የ1852ቱ የቱርክ ሱልጣን ትእዛዝም ሁሉ ባለበት እንዲጸና አደረገ። ከዚያ ወዲህ በባዚሊካው አንድ ምስማር ለመምታት እንኳ የሌላውን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነ። የጣራው ታላቅ እድሳት የተጀመረው በ2013 መሆኑን ያስተዋለ የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። በራሳቸው ቅጥር ግን ፍራንሲስካውያን ሊያንጹ ይችሉ ነበርና፥ በ1869 ቅድስት አገርን የተሳለመው የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በሰጠው ርዳታ ቤታቸውን አሰፉ።

የመረጡት መልክ ጐቲክ ነው። ይህ አሠራር በፈረንሳይ አገር በ12ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተጀመረ ሲሆን፥ በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን የቀድሞ አባቶቻቸውን ሃይማኖት በመናፈቅ እንደ አዲስ አነሡት። የመስቀል ጦረኞች ግን በዚህች አገር ሲሠሩ አብዛኛው ሥራቸው ግንቡ ወፍራም፥ መስኮቱ ጠባብ የሆነው የቀደመው ሮማኔስክ ነበር። ሹል ቅስትም ቢሆን ከእነርሱ በፊት በምሥራቅ በእስላሞች ሕንጻዎች የታወቀ ነው። ስለዚህ የ1882ቱ ቤት የለበሰው ልብስ የቀደመው ገዳም ለብሶት የማያውቀው ነው። በዚህ ግን ገንቢዎቹን አልነቅፍም፤ ሰው የናፈቀውን ሲሠራ በሚያውቀው መልክ ይሠራልና።

እውነተኛውን የ12ኛውን መቶ ዓመት ሥራ ማየት የሚወድ ከደጁ ፊት ባለው በዓምዶች በተከበበው ግቢ ይቁም። ጥንታውያኑ ዓምዶችና ጕልላቶቻቸው በዚያ አሉ፤ በ1948 ኢጣሊያዊው አርክቴክት አንቶኒዮ ባርሉጺ አድሷቸዋል። በመካከሉ የቅዱስ ሄሮኒሞስ ሐውልት ቆሟል። ይህ አባት በ386 ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ መጻሕፍትን ወደ ላቲን ተርጕሞ በ420 ያረፈ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በደረጃ ወደ ዋሻዎቹ የሚወርድም የእርሱን ዋሻ ያገኛል። ስለ እንግዳ ማረፊያ ለምናስብ ሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ደግሞ አለ፤ በ1906 ፍራንሲስካውያን ለተሳላሚዎች ማረፊያ ቤት ለመሥራት መሬት ሲቈፍሩ 13 ደወሎችና 222 የኦርጋን ቧንቧዎች ተሰውረው ተገኙ። ከቧንቧዎቹም አንዳንዶቹ በ2025 በኢየሩሳሌም እንደገና ድምፅ ሰጥተዋል።

ይህ ታሪክ ለእኛ የባዕድ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1114 በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን የተሾሙት ካህናት በዚያው በአውግስጢኖስ ሥርዓት የሚኖሩ ነበሩ። የእነርሱም ገዳም ፍርስራሽ አባቶቻችን በሚኖሩበት በዴር ሡልጣን ነው። በንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ፥ ለታችኛው ቤት ብርሃን በሚሰጠው ጕልላት ዙሪያ፥ የመነኮሳቱ ትናንሽ ቤቶች ባሉበት፥ የተሰበሩት ቅስቶች ከግንቡ ወጥተው ይታያሉ። አንዱ ገዳም ነገሥታት ረድተውት በአዲስ ልብስ ተነሣ። ሌላው በፈረሰበት እንዳለ ነው፤ ሰዓታቱ ግን በውስጡ ይቆማል፥ ማሕሌቱም በግእዝ ይደርሳል።